የሐጂ ከማል ጋሎን

ሊትር ሲባል የሚያመው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለእኛ ሰፈር፣ ለሰቶ ሰመሮ፣ አላህ ሐጂ ከማልን ሰጥቶናል። ዕድሜያቸውን የአጋሮን ቡና በጭነት መኪና ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያቺ አሮጌ መኪና ነዳጇ የሚለካው በጋሎን ነበር፤ አንዱ ጋሎን አራት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። እሳቸውም ዘይቱንም ወተቱንም ወደ ጋሎን ሳይመልሱ አያምኑም። መልሰውም አይተዉትም፤ በዚያ ልክ ነዳጅ የት እንደሚደረስ ይነግሯችኋል። የረመዳን ሾርባቸውን አንድ ድስት ሰርቦ ከተማ ድረስ አድርሰውታል። ምን ይደረጋል፣ ሳይንስ ነው።

እኔም ስስቅባቸው ከርሜ ነበር። በቀደም የጎረቤታችን ሚስት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳትና ሆስፒታል ተሰበሰብን። ነርሷ ከአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ገደማ ደም እንደሚወሰድ ስትነግረን ሁላችንም ጫማ ጫማችንን ማየት ጀመርን። ግማሽ ሊትር ደም ቀላል ነው እንዴ?

ሐጂ በጣታቸው አሰሉ። «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ይኼ እኮ የጋሎን ዘጠነኛ እጅ ነው። ወላሂ፣ በሱ መናኸሪያ እንኳ አልደርስም።»

መናኸሪያ የማያደርስ ነገር ምን ያስፈራል? ሦስታችን እጅጌያችንን ሰበሰብን። እሳቸውም ሰበሰቡ።

«አባባ፣ እርስዎን አንወስድም፤ ዕድሜዎ ገፍቷል» አለቻቸው ነርሷ። ተቀየሟት።

ከሰዓት በኋላ እናትየዋ መትረፏን ሰማን። ሐጂ እንደገና በጣታቸው አሰሉና፣ «የሦስታችሁ ቢደመር ሲሶ ጋሎን ነው» አሉ። «እኔ በሲሶ ጋሎን ሰርቦ አልደርስም። እሷ ልጅ ልታሳድግበት ነው።»