የሶልያናን እጅ የሚችል ኪቦርድ

ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም። እኔን የሚገርመኝ መሰበሩ ሳይሆን፣ ከተሰበረ በኋላ «ማነው የሰበረው?» ተብሎ የሚካሄደው ምርመራ ነው። ፍርድ ቤት አጠገብ ስለምንኖር ይሁን እንጃ፣ እኛ ልደታ ውስጥ ብርጭቆ ሲወድቅ ምስክር ሳይሰማ ስብርባሪው አይጠረግም። በእኔ ቤት ግን ነገሩ ቀላል ነው። ሶልያና ትሰብራለች። ሶልያና ያልሰበረችውን ድመቷ ትሰብራለች። አለቀ።

ሶልያና ልጄ ናት፤ አራተኛ ክፍል ነች። ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ይልቅ ጠረጴዛው ይጠጣል። የጫማዋን ክር አስራ እስክትጨርስ ታክሲው ያመልጠናል። የእጅ ጽሑፏማ አይነሳ! እኔ ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ስላቋረጥኩ የማነበው ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው። ስለዚህ ደብተሯን ገልጬ ምንም ማንበብ ሲያቅተኝ «ልጄ ተምራ በልጣኝ ነው» ብዬ እኮራ ነበር። ለካስ መምህሯም አልገባትም! ፈተናዋ ላይ በቀይ «አይነበብም» ብላ ጽፋበት መጣ። እሱን ግን አነበብኩት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። «ዲስፕራክሲያ ይባላል» አለኝ። ድገምልኝ አልኩት፤ ደገመልኝ። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነብኝ። ስንፍና እንዳልሆነ፣ አእምሮዋ ያዘዘውን እጇ ቶሎ አቀናጅቶ መሥራት እንደሚያቅተው አስረዳኝና «ከቤተሰብ እንዲህ የሚሆን ሰው አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም የለም አልኩት፣ ከጠረጴዛው ላይ ያወረድኩትን የእስክሪብቶ ማስቀመጫ እየለቃቀምኩ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ደግሞ «ሐኪሙን ተይውና ጸበል ውሰጃት» አሉኝ። ወሰድኳት። ጸበሉን ደፋችው።

በመጨረሻ መምህሯ መፍትሔ አገኘች። ሶልያና የዓመቱን የአማርኛ ፈተና በኮምፒውተር ትጻፍ ተባለ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ለልምምድ ስትቀመጥ ፊደሎቹን እንደ ምስማር ስትመታቸው አንዱ ቁልፍ ተስፈንጥሮ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተገኘ። መምህሯ ጠርታ «ኮምፒውተሩ ከእኛ፣ ኪቦርዱ ከአንቺ። እጇን የሚችል ፈልጊላት» አለችኝ። ካልተገኘ በእስክሪብቶ ትፈተናለች። በእስክሪብቶ ከተፈተነች ደግሞ ክፍል መድገሟ ነው። እንግዲህ የልጄ ዕድል በአንድ ኪቦርድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት አይደል?

ሜክሲኮ ሄድኩ። አንድ ፀጉሩን ያበጠረ ልጅ ሱቅ ውስጥ ገባሁና ለልጄ የማይሰበር ኪቦርድ አልኩት። «ሜካኒካል ነው ሜምብሬን?» አለኝ። ሰው ለአንድ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ሌላ ጥያቄ ይሰጠዋል? እኔ ሜካኒክ የማውቀው ጋራዥ ውስጥ ነው። ግራ መጋባቴን አይቶ አንዱን አወጣና ሰካው፤ እንደ ሠርግ ቤት በቀይና በሰማያዊ በራ። «የቤቱ መብራት ሲጠፋም ይበራል?» ብዬ ጠየቅኩት። አይበራም አለኝ። ታዲያ መብራት እያለ መብራቱ ምን ሊሠራልኝ ነው? ሌላ አመጣና «ይኼ ደግሞ ውሃ አይፈራም፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ።

ውሃ ሲል ነገሩ ገባኝ። ዕቃ መግዛት እንግዲህ ለእኔ ነው ወይ የሚነገረው? ድስት ሳላንኳኳ፣ ወንበር ሳልቀመጥበት፣ ባልዲ ውሃ ሳልሞላበት ገዝቼ አላውቅም። «ውሃ አለህ?» አልኩት። የጠማኝ መስሎት የራሱን ጠርሙስ በአክብሮት አቀበለኝ። ክዳኑን ከፍቼ ኪቦርዱ ላይ ዘንበል ሳደርገው ባንኮኒውን ዘሎ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

«እህቴ፣ ምን ሆነሻል!»

ውሃ አይፈራም አላልክም ወይ አልኩት። «እሱ አይፈራም፤ እኔ ግን እፈራለሁ!» አለ።

ደንግጬ ወደ ኋላ ስል ክርኔ ተደርድሮ የቆመውን የማውስ ካርቶን ነካው። ካርቶኑ ሁሉ ተራ በተራ እስከ በሩ ድረስ ወረደ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ እዚያ ሱቅ ድመት አልነበረችም። ልጁ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያም በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ኪቦርዱ ለልጅሽ ነው ያልሽኝ?» አለ። ለልጄ ነው አልኩት ቆጣ ብዬ። ከጓዳ እንደ ጡብ የከበደ ጥቁር ኪቦርድ አወጣ። «ይኼ ከወደቀ ኪቦርዱ ተረፈ ወይ አትበይ፤ ወለሉ ተረፈ ወይ በይ» አለኝ።

ገዛሁት። ቤት እንደገባሁ ምን አደረግኩ? ሪሞታችንን እንደማለብሰው በላስቲክ አለበስኩትና በፕላስተር ዙሪያውን አሸግኩት። ሶልያና «እማ፣ ያንሸራትተኛል» ብላ አጉረመረመች። ተለማመጂው አልኳት። ላስቲኩን እግዜር ይባርከው፤ በፈተናው ዕለት ጠዋት አንድ ሙሉ ኩባያ ሻይ ተደፋበት። ድመቷ ናት! ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ ልጄንና ኪቦርዱን ይዤ ሮጥኩ።

ፈተናው እስኪያልቅ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሌሎቹ ልጆች ዝም ብለው ይጽፋሉ፤ የእኔዋ ቋ! ቋ! ቋ! ትላለች። በየመሃሉ ዝም ስትል ልቤ አብሮ ዝም ይላል። ተሰበረ? ተነቀለ? ደግሞ ቋ! ስትል እተነፍሳለሁ።

ውጤት ሲወጣ መምህሯ ወደ መምህራን ክፍል አስጠራችኝ። ወረቀቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ የለም። ሶልያና አልፋለች! «እንኪ፣ ራስሽ አንብቢው» አለችኝ። የልጄን ጽሑፍ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ጥያቄው ስለ ቤተሰብሽ ጻፊ የሚል ነበር። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፤ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ ለቀምኳቸው።

«እናቴ ትወደኛለች። ኪቦርድ ገዛችልኝ። እናቴም እንደ እኔ ዕቃ ይወድቅባታል። ሲወድቅባት ድመቷ ናት ትላለች። እኛ ቤት ድመት የለም።»

ቀና ስል መምህሯ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ከጀርባዋ የተቀመጡት ሁለት መምህራን ግን ጣሪያውን ማየት አልቻሉም፤ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ይስቁ ነበር።

አሁን ሶልያና መጻፍ ወዳለች። ከትናንት ወዲያ ስለ አባቷ አንድም ሳታስቀር ጽፋ ጨረሰች፤ ዛሬ ስለ እትዬ ዘነቡ ጀምራለች። እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት ይበላሽ እንደሆነ ብዬ ኪቦርዱን ገልብጬ አራገፍኩት፤ አንድ ቁልፍ እንኳ አልላላም። ምናለ ያ ነጋዴ እንደ ሌሎቹ ዋሽቶኝ ቢሆን!