ግድግዳዬን ሳንቃ ሳለብሰው

መዶሻ የጨበጠ ባል ከሰከረ ባል ይከፋል! የሰከረው ቢያንስ ሲመሽ ይተኛል። መዶሻ የጨበጠው ግን የሚመታው ሲያጣ ጣቱን ይመታል። አንቺ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ባልሽ ምሳውን በልቶ ዝም ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ከጀመረ... መዶሻውን ደብቂ!

እኔን ለዚህ ያበቁኝ አማቴ ናቸው። እትዬ በለጥሻቸው የሚኖሩት ደብረ ሲና፣ ብርዱ ላይ ነው። ባለቤቴ አልማዝ የመጀመሪያ ልጃችንን መፀነሷን እንደሰሙ፣ "ልጄ እዚያ ቆላ፣ ጊንጥ በሚያድርበት የጭቃ ግድግዳ ሥር አትወልድም፤ መጥቼ እወስዳታለሁ" ብለው ላኩብኝ። የበኩር ልጅ እናት ቤት መወለዱ ያገር ወግ ነው፤ አልከራከርም። ግን እትዬ በለጥሻቸው አንድ ነገር ከወሰዱ መመለስ አይሆንላቸውም። ከሠርጋችን በፊት ከጎረቤት የተዋሱት ሙቀጫ ዛሬም እሳቸው ቤት ነው። አሁን ደግሞ ሚስቴን ከነልጄ! በጣም ደነገጥኩ። "እትዬ፣ ቤቱን ውስጡን በሳንቃ እለብጠዋለሁ፤ እንኳን ጊንጥ ነፋስም አይገባው። ራስዎ መጥተው አይተው ይፍረዱ" ብዬ መልሼ ላክሁ።

የሳንቃ ልብጡን ያየሁት አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄጄ ባደርኩበት ሆቴል ነው። ሰፋፊ ሳንቃ ጎን ለጎን ይቆማል፤ በየመጋጠሚያው ላይ አናጺዎች ሊስቴሎ የሚሉት ቀጭን እንጨት ይመታበታል። በቃ! ምን ያቅታል? የሰፈራችን አናጺ ዘምቷል፤ ቀበሌያችንም በየስብሰባው "ራስን መቻል!" እያለ ጆሯችንን ሲያደነቁረው ከርሟል። እኔም ራሴን ልችል ተነሣሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው!

እንጨቱን ከደብረ ሲና በኤንትሬ የጭነት መኪና አስጭኜ አወረድኩ፤ ገና ከመጋዝ የወጣ፣ ውሃው የሚንጠባጠብ ባሕር ዛፍ። ቱንቢ ስላልነበረኝ ድንጋይ በክር አሥሬ ከጣሪያው አንጠለጠልኩ። ለካ ቤቴ ወደ ጀውሃ ወንዝ ዘምሟል! ስንት ዓመት ቀጥ ብዬ የኖርኩ ሲመስለኝ ዘምሜ ነው የኖርኩት።

የመጀመሪያውን ሚስማር፣ ያንን የስንዝር ሚስማር፣ በሙሉ ኃይሌ መታሁት። ጭቃ ምን ይይዘዋል? ግድግዳው በስተውጭ ዝናብ በልቶት ሳስቶ ኖሮ ሚስማሩ ሰተት ብሎ አለፈ። ወዲያው ከውጭ "ያ አላህ!" የሚል ጩኸት ተሰማ።

ሮጬ ወጣሁ። ጋሽ ይማም የተባሉ ማሽላ አራሽ ጎረቤታችን ናቸው። ቀትር ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ግድግዳችንን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ሚስማሬ የኮታቸውን ጀርባ ከቤቴ ጋር ሰፍቶታል።

"ምነው ጎረቤት! በቁሜ ልትቸነክረኝ ነው?"

"ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ይማም፤ ግድግዳውን ሳንቃ እያለበስኩት ነው።"

ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ቀና ብለው ያችን የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አዩዋት።

"በረደው እንዴ?"

"የለም፤ ለአማቴ ብዬ ነው።"

"እሳቸው ናቸው የበረዳቸው?"

"ለጌጥ ነው ጋሽ ይማም፣ ለጌጥ!"

"ታዲያ ምን ብቻህን ያታግልሃል? ከጁምዓ ማግስት ሰው ልጥራልህ፤ በደቦ ባንድ ጀንበር ያልቃል።"

"አይ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምሠራው።"

ፊታቸው ጠቆረ። በይፋት ቆላ ቤቱን ብቻውን የሚሠራ ሰው የለም። ካለም ወይ ጎረቤቱን ተቀይሟል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው፣ ወይ ደቦ የሚያበላበት አጥቷል። ጋሽ ይማም ከላይ እስከ ታች አዩኝና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ከሦስቱ የትኛውን እንደመረጡልኝ ኋላ ነው የገባኝ።

አንባቢዬ፣ ሥራው አለቀ! እርግጥ አውራ ጣቴ የሌላ ሰው ጣት መስሎ ነበር። ግን ሳንቃው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሊስቴሎው በመስመር ተሰልፎ... አልማዝ እንኳ በሩ ላይ ቆማ "አልጋ በስንት ነው የምታከራዩት?" ብላ ቀለደችብኝ። ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ አማቴን ላመጣ ደብረ ሲና ወጣሁ። እሳቸውም ጓዛቸውን ሲያስሩ፣ ሲፈቱ፣ "ዛሬ ቀኑ አይደለም" ሲሉ አሰነበቱኝ። በመጨረሻ ተነሣንና ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለ ግድግዳዬ ያልነገርኳቸው አልነበረም። ሾፌሩ ሳይቀር ሳንቃ ሊለብጥ ቆርጦ ነበር።

ቤቴ ስንደርስ ደጃፉ ሰው በሰው ሆኗል። "አቀባበል ነው እትዬ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ገባን።

ሳንቃ የለም! ከወለል እስከ ጣሪያ እርጥብ፣ በጭድ የታሸ፣ ደህና ሆኖ የተለሰነ ጭቃ! ጋሽ ይማም እስከ ክርናቸው ተለውሰው መሐል ቤት ቆመዋል።

"ማሻአላህ፣ ደረስክ! ያን ሁሉ ሽንቁር ደፈንንልህ!"

ነገሩን ያስረዳችኝ አልማዝ ናት። እርጥብ የደጋ እንጨት ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ማን ነግሮኝ? ሰው ያልበዋል፣ እንጨት ይኮማተራል! እኔ በሄድኩ በጥቂት ቀን ውስጥ ሳንቃዎቹ ተሸማቀው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፈቱ። ሊስቴሎዎቹ ጧ! ጧ! እያሉ ሲገነጠሉ ሰፈሩ ተኩስ መስሎት እየሮጠ መጣ። መጥቶ ያየው ምንድን ነው? በመደዳ የቆመ፣ ክፍት ክፍት ያለው እንጨት። በኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ እንጨት ትርጉሙ አንድ ነው፤ ጭቃ የሚጠብቅ ግድግዳ! አልማዝ "ጌጥ ነው" ብትል ማን ሰምቷት!

"እንጨቱን አቁመህ፣ የምታበላን አጥተህ፣ አፍረህ መሄድህ አሳዘነን" አሉ ጋሽ ይማም። "ማጣት ነውር ነው እንዴ? ወላሂ ብትነግረን ምን ነበረበት? ምሳውንም ከየቤታችን ይዘን መጥተናል።"

አልቅስ አልቅስ አለኝ። ሚስቴ ከነሆዷ ኤንትሬው ላይ ስትሳፈር ታየችኝ። አማቴ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

"ሳንቃው የታለ?"

"ውስጥ ነው እትዬ።"

"የቱ ውስጥ?"

"ጭቃው ውስጥ። ከሳንቃው ኋላ ደግሞ... ያው የድሮው ጭቃ አለ። ጊንጥ እንኳ ቢመጣ መንገዱ ይጠፋዋል።"

አልሳቁም። ጠጋ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ቆንጠር አደረጉና አሹት።

"ጭዱ አንሷል" አሉ።

ነጠላቸውን ለአልማዝ አቀበሉ፤ ጫማቸውን አወለቁና ቀጥ ብለው ደጅ ወደሚቦካው ጭቃ ገቡ! ጋሽ ይማም "ቢስሚላህ!" ብለው ጭዱን አፈሰሱላቸው። እስኪመሽ ድረስ አብረው ለሰኑ፣ አብረው ተከራከሩ፣ በኔ ላይ ደግሞ አብረው ሳቁ።

እጃቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ አማቴ ፍርዳቸውን ሰጡ። "እኔ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ጎረቤቴ ብቅ ያለው ጎርፉ እሱ ደጅ ሲደርስ ነው። ሳይጠራ መጥቶ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ባለበት ሰፈር፣ ምጥ ቢመጣባት ብቻዋን አትቀርም። ልጄ እዚሁ ትውለድ።"

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

"እኔም ግድግዳው እስኪደርቅ ልቆይ" አሉ። "እርጥብ ግድግዳ ለነፍሰ ጡር ደግ አይደለም።"

"ምን ችግር አለ እትዬ፣ ቤትዎ ነው!" አልኩ። የቆላ ፀሐይ ጭቃ ለማድረቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅባት አውቃለኋ!

ልጃችን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። እትዬ በለጥሻቸው ጠዋት ጠዋት ከአልጋቸው ይነሡና ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ፣ ጫን ያደርጉታል፤ ከዚያ ወደኔ እንኳ ሳይዞሩ፣ "ገና ነው" ይላሉ።