ጋሽ ተሻገር እና ሲካሞር

ሐበሻ አራት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ማንኛውንም ወሬ ጠምዝዞ ወደ ራሱ ጉዳይ የሚወስድ አንድ ሰው አይጠፋም። የአንዱ ጉዳይ ፖለቲካ ነው፣ የሌላው የደም ግፊቱ። ቶሮንቶ ውስጥ የክሬሰንት ታውን ሰፈር ጎረቤታችን የክቡር ጋሽ ተሻገር ጉዳይ ግን ሲካሞር ነው፤ እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠሩት የጦር ሄሊኮፕተር።

እሳቸው ራሳቸው ሄሊኮፕተር ተሳፍረው አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ ያውም ምድር ቤት። ግን "ቆይ፣ ከመነሻው ልንገርህ" ካሉ አለቀልህ። ሊፍት ውስጥ ይዘውኝ ፎቄን አልፌ ጣሪያው ሥር ደርሻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ፅዮን ስታገባ ሙሽሮቹን እንዲመርቁ ማይክ ቢሰጧቸው፣ ሲካሞር በፈረንጆች በ1947 መጀመሪያ እንደበረረ፣ የሚሽከረከረው ክንፉም የእንጨት እንደነበር ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ አስረድተው፣ ሳይመርቁ ተቀመጡ።

በፈረንጆቹ 2012፣ ጥር ላይ፣ የወንድሜ የያዕቁብ ትራክ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በረዶ አንሸራቶት ተገለበጠ። "በሄሊኮፕተር ወደ ቶሮንቶ እያመጣነው ነው" ብለው ኮል አደረጉልን። ሚስቱን ሉብናን ይዤ ሆስፒታል ስደርስ ጋሽ ተሻገር ከጎረቤት ሰምተው፣ ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው ቀድመውናል።

"ያ አላህ፣ ዛሬ እንኳ ዝም አሰኝልኝ" አልኩ በሆዴ።

እውነትም ዝም አሉ። ጉልበታቸውን ብቻ ያሻሉ። ሉብና ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስትመላለስ ቆይታ ድንገት ፊታቸው ቆመች።

"ጋሽ ተሻገር፣ ሄሊኮፕተሩ በዚህ ንፋስ ይችላል? እርስዎ ያውቃሉ።"

"ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ ልጄ" አሏት። "ሲካሞር እስያ፣ ማላያ ጫካ ውስጥ ቁስለኛ ሲያነሣ፣ ማረፊያው ዛፍ ተቆርጦ የተጠረገች ጠባብ ቦታ ነበረች። ሙቀት ነው፣ ዝናብ ነው። ገብቶ፣ አንሥቶ ይወጣል።"

"ከዚያስ?"

እያንዳንዱን ቁስለኛ ከጫካ አውጥተው ሐኪም ቤት እያደረሱ ነገሯት። እሷም እጃቸውን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ነርሷ እስክትጠራን ድረስ "ከዚያስ?" እያለች ሰማቻቸው። ያዕቁብ ደርሷል። ዳሌው ተሰብሯል፣ ግን ይተርፋል።

ሉብናን እሱ ጋ ትቼ ጋሽ ተሻገርን ወደ ቤት ስወስዳቸው ጠየቅኳቸው። "ክንፉ በሙቀቱ እየተበላሸ የወደቁ ሲካሞሮችም ነበሩ፤ አንድ በአንድ ነግረውኛል። ለእሷ ሲነግሩ ለምን ዘለሏቸው?"

"አንተ ደግሞ!" ብለው ተቆጡ። "የሚያውቁት ሁሉ ይወራል እንዴ?"

ይህን ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አቅፌ ልስማቸው ከጀለኝ፤ መሪ ይዤ ስለነበር ተውኩት።