በስፔን ባሕር ዳር የደረስኩት ለቅሶ

ሰው አገር ሲቀይር ልብሱን ይቀይራል፤ ሲብስበትም ስሙን ያሳጥራል። ዓይኑን ግን ይዞት ይሄዳል። ዓይን ደግሞ ክፉ ልማድ አለው፤ የትም ቢወስዱት የለመደውን ነው የሚያየው። ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እኔ ካልጋሪ፣ ኤሪን ውድስ ሰፈር ባለው ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ፍልስፍና የሚባል ነገር አስቤ አላውቅም። ባለፈው ሰመር ስፔን ውስጥ የደረሰብኝ ነገር ነው እንዲህ የሚያናግረኝ።

አማቴ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባለቤቴ ሰላም እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች ናትና፣ ለማንኛውም ሕመም መድኃኒቱ ቫኬሽን ነው ብላ ታምናለች። እሷ ሞቅ ያለ ባሕርና ጸጥታ ፈለገች። እኔ ደግሞ አውሮፕላን ፈለግሁ። ምን ላድርግ? ሌላው ወንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሲያይ፣ እኔ ከኤርፖርቱ ጀርባ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አውሮፕላን ሲያርፍ የማይ ሰው ነኝ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሁለታችንንም የምታስታርቅ ከተማ ተገኘች፤ ባሕሯ ከጉልበት የማያልፍ፣ ከባሕሩ ጎን የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ያላት ትንሽ ከተማ። ስሟን አልነግራችሁም። ምክንያቱን ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

ከተማ ማለት እሷ ናት! አደባባዩ መሐል ጡረታ የወጣ አውሮፕላን ዓምድ ላይ ተሰቅሏል፤ እኛ አገር ለንጉሥ የሚሰጠው ቦታ ማለት ነው። ድሮ ውሃ ላይ ያርፉ የነበሩ አውሮፕላኖች የሚያድሩባቸው መጋዘኖች ዛሬም ባሕሩ ዳር ቆመዋል። ቁርስ የምንበላበት ቤት ኮርኒስ ላይ የእንጨት ፕሮፔለር ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የቀድሞ አብራሪዎች ካርታ ይጫወታሉ። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ ሰማዩን በጄት ሲያርሱት እኔ አፌን ከፍቼ እቆማለሁ፤ እትዬ አስካለ ያማትባሉ፤ ሰላም ደግሞ "ቤብ፣ ላይክ፣ ኳየት ነው ያልከኝ ይሄን ነው?" ትለኛለች።

አሁን አንድ የቤት ገመና ላውጣ። ባለፈው ዊንተር ማርልቦሮ ሰፈር የሚኖሩ የእትዬ አስካለ የማኅበር ጓደኛ ባለቤታቸው ዐረፉባቸው። እኔ ሺፍት ነበረብኝ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ሰልስቱ አለፈና፣ ስደርስ ወንበሩ እየታጠፈ ነበር። እትዬ አስካለ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ልጄ" ማለታቸውን ትተው "ሰውዬው" ይሉኝ ጀመር። "ሰውዬው በላ?" ብለው ልጃቸውን ይጠይቃሉ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ! በገዛ ቤታችሁ ሰውዬው ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ያቺን "ልጄ" ለማስመለስ በየሳምንቱ በመኪናዬ ቤተ ክርስቲያን ራይድ ሰጠኋቸው፤ ሻንጣቸውን ከካልጋሪ እስከ ስፔን ተሸከምኩ። ወይ ፍንክች! እናቴን ያጣሁት በልጅነቴ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

እናላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ዳቦ ልገዛ ብወጣ ከተማዋ ጭር ብላለች። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። መስኮቱ ሁሉ ተከድኗል። ጠዋት ሲጮኽ የነበረው ሰማይ እንኳ ጸጥ ብሏል። እስቲ ፍረዱኝ፤ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ከተማ በሙሉ ሱቁን የሚዘጋው ለምንድን ነው? ስፔኖች ከምሳ በኋላ እንደሚተኙ አልሰማህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሰምቻለሁ። ግን ዳቦ ጋጋሪው ይተኛል ቢባል አንድ ነገር ነው፤ ከተማው በሙሉ ይተኛል ቢባል ማን ያምናል? እኛ ካልጋሪ ቀን የሚተኛ ሰው ናይት ሺፍት የሚሠራ ብቻ ነው።

ማምሻውን ነገሩ ለየለት። ካረፍንበት አለፍ ብሎ፣ ከአንድ ቤት ደጃፍ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ብለዋል። መስኮቱ ላይ የአንድ ወጣት አብራሪ ፎቶ ከነዩኒፎርሙ ቆሟል፤ ከጎኑ አበባ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣልኝ፣ የእድር ጥሩምባ ይነፋልኝ? ልጁ ከነአውሮፕላኑ ወድቋል!

አልዋሻችሁም፣ ለልጁ ከልቤ አዘንኩ። ግን ከሐዘኔ ሥር አንዲት ነውረኛ ደስታ ብልጭ አለች። ለቅሶ! ያውም በመጀመሪያው ቀን የምደርሰው! ሮጬ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ሰላም "ቤብ፣ አር ዩ ሹር? ፈርስት ሰው ለምን አንጠይቅም?" አለች። ለቅሶ ቤት ሄዶ "ማን ሞተ?" ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? እትዬ አስካለም "አንቺ ልጅ፣ ሐዘን ፓስፖርት አለው ወይ? ጎረቤት ጎረቤት ነው" አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። እኔም እንደገና ወደተከፈተው ሱቅ በርሬ አንድ ካርቶን ውሃ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፤ እኛ ካልጋሪ ያለ ካርቶን ውሃ ለቅሶ አይደረስም።

ደረስን። ውሃውን በሩ ሥር አኖርኩና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። ጨዋ ሕዝብ ነውና ወንበር ለቀቁልን። እትዬ አስካለ ግን ፎቶውን ቀና ብለው ከማየታቸው፦

"ክንፍ አለኝ ብለህ ከደመና ወጥተህ፣
ምነው ብትመለስ እናትህን ብለህ!"

ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ድምፃቸው እስከ ባሕሩ ተሰማ። አንዷ አሮጊት ተነሥተው አቀፏቸው። ሌላዋ መሐረባቸውን አወጡ። ኋላ እንደተረዳነው፣ አሮጊቶቹ እኚህ የሰው አገር ሴት፣ ልጃቸው ሞቶባቸው፣ የሚያጽናናቸው አጥተው የመጡ መስሏቸው ነበር። እነሱ እትዬ አስካለን ያጽናናሉ፣ እትዬ አስካለ እነሱን ያጽናናሉ። እኔ መሐል ላይ አንገቴን ደፍቼ፣ "ልጄ" የምትለዋ ቃል ተመልሳ ስትመጣ ይታየኛል።

ያኔ በሩ ተከፈተና ሟቹ ወጣ።

ሸበጥ አድርጓል። በትሪ የተቆረጠ ሐብሐብ ይዟል። እትዬ አስካለ ልጁን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ እንደገና ልጁን አዩና "በስመ አብ ወወልድ!" ብለው ያቀፏቸውን አሮጊት ጨምድደው ያዙ። ሰላም ስልኳን አውጥታ እያስተረጎመች ነገሩን አጣራች። ልጁ ከአየር ኃይል ትምህርት ቤቱ ገና መመረቁ ነው፤ አያቱ ኮርተው ፎቶውን ለመንገደኛ አሳዩ። ወንበሩስ? ሲመሽ ደጅ ወጥቶ ነፋስ መቀበል የአገሩ ልማድ ነው። ጸጥታውስ? ሞቋቸው ነዋ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይኸው ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሰላም እየተንተባተበች ለምን እንደመጣን አስረዳች። እኔ ዓምዱ ላይ የተሰቀለውን አውሮፕላን አስነሥቼ መጥፋት አማረኝ። ከዚያ አያትየው ሳቁ። ወንበራቸው እስኪንቋቋ ሳቁ። መንደሩ ሁሉ ተከተላቸው፤ ሟቹም ትሪውን አስቀምጦ ሆዱን ያዘ። ሐብሐባቸውን በላን፣ ውሃችንን ጠጡ። እትዬ አስካለ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ያወረዱበትን ሙሾ በምርቃት ሲያስተሰርዩ አመሹ፤ ልጁ አንድ ቃል ሳይገባው በየመሐሉ አንገቱን ይነቀንቃል።

ስንመለስ እትዬ አስካለን ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም። ክንዴን ተደግፈው በዝግታ ይራመዳሉ። በሩ ጋ ስንደርስ "ልጄ" አሉኝ። እግሬ ቆመ።

"ማርልቦሮ ሰው ከተቀበረ በኋላ ደረስክ። እዚህ ሳይሞት ደረስክ። ቀኑ ነው እንጂ የሚያስቸግርህ፣ ልቡስ አለህ" አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቁ ጀመር። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ እንባም ነበረበት።

ካልጋሪ ስንገባ እትዬ አስካለ ታሪኩን ለማኅበሩ ሁሉ አዳረሱት፤ እኔም "ልጄ ከሞት ቀድሞ ደራሽ ነው" ተብዬ ታወቅሁ። ክብር ነው፤ አልጠላሁትም። ባለፈው ሳምንት ቤልትላይን ሰፈር የሚኖሩ ጋሼ ወርቁ ታመዋል ሲባል፣ ማንም ሳይቀድመኝ ብርቱካን ይዤ ሄድኩና የአፓርታማቸውን ደወል ተጫንኩ። በካሜራው ሳያዩኝ አልቀሩም። ድምፃቸው ከስፒከሩ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ መጣ፦ "ማን ነው አንተን የላከህ? ጉንፋን ብቻ ነው! ገና ነኝ በላቸው!"