ካፖርቱና አረንጓዴዋ ቀስት

(ኮልፌ፣ የእትዬ ሰርኬ የልባሽ ልብስ ሱቅ። ጉልላት የአባቱን ካፖርት ታቅፎ መጥቷል። አባቱ ነገ ከጎጃም ይመለሳሉ፤ እሱ ግን ካፖርቱን ሸጦ ስልኩ ላይ ያየውን አክሲዮን ዛሬ ካልገዛ የሚሞት ይመስለዋል። ስልኩ ነግሮታላ!)

ሰርኬ፦ (ስልኩ ላይ ያለውን የዋጋ ሥዕል እያዩ) መስመሩማ ተኝቷል! ያለ መነጽርም ይታየኛል።

ጉልላት፦ አልተኛም እትዬ፣ ጠቧል! የአክሲዮኑ ዋጋ መጀመሪያ በሰፊው ወጣ ወረደ። ቀጥሎ ትንሽ። አሁን ጭራሽ ጠበበ። እንዲህ ሲጠብ ሊፈነዳ ነው።

ሰርኬ፦ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?

ጉልላት፦ ወደ ላይ ነዋ! አረንጓዴ ቀስት አወጣ እኮ። ሥዕሉን የሚፈትሸው ራሱ ስልኩ ነው፤ እኔ ምንም አልደክምም።

ሰርኬ፦ እሰይ! ማሰቡን ለሱ ሰጥተህ ተገላገልክ በለኛ። ካፖርቱ ስንት ነው?

ጉልላት፦ ዘጠኝ ሺህ።

ሰርኬ፦ ሦስት።

ጉልላት፦ ኧረ በማርያም! ሰባት።

ሰርኬ፦ አራት። አባትህ ሲጠይቁህ ምን ልትል ነው?

ጉልላት፦ አክሲዮኑ ሲፈነዳ አዲስ እገዛላቸዋለሁ። ስድስት።

ሰርኬ፦ አምስት።

ጉልላት፦ አምስት ሺህ አምስት መቶ፤ በቃ!

(ተስማሙ። ጉልላት ብሩን ይዞ ቀስቷ ላይ አፍጥጧል፤ ጣሪያው ቢወርድ አይሰማም። እትዬ ሰርኬ ካፖርቱን ሰቀሉና በጠመኔ ግድግዳው ላይ መስመር አሰመሩ፤ ከዘጠኝ ወደ ሦስት፣ ወደ ሰባት፣ ወደ አራት፣ ወደ ስድስት፣ ወደ አምስት።)

ሰርኬ፦ እኔ ያልተማርኩ ነኝ ልጄ። እስቲ ይቺንም ይፈትሽልኝ።

ጉልላት፦ (ፎቶ አንስቶ ዓይኑ ፈጠጠ) ወይ ጉድ! እንዲህ አምሮ የጠበበ አይቼ አላውቅም! «አሁኑኑ ግዛ» ይላል! የምንድን ነው?

ሰርኬ፦ እዚሁ እኔ ጋ ያለ ዕቃ ነው። አንድ ብቻ ነው የቀረው።

ጉልላት፦ ስንት?

ሰርኬ፦ ስድስት ሺህ አምስት መቶ።

ጉልላት፦ ይኸው፣ መፈንዳት ጀመረ! ያጠራቀምኳትንም ሺህ ብር ጨምሬበታለሁ፤ ይያዙ! ሰው ሳይቀድመኝ!

(እትዬ ሰርኬ ብሩን መቀነታቸው ውስጥ ከተው ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። ጉልላት ካፖርቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ስልኩን አየ።)

ጉልላት፦ እትዬ... ይሄ የአባቴ ካፖርት ነው እኮ!

ሰርኬ፦ ነዋ! ነገ ሲመጡ ይለብሱታል። ደግሞ ስልክህን እንዳትቆጣው፣ አልዋሸህም፤ ዋጋው ወደ ላይ ፈንድቷል። ወደ ማን ኪስ እንደሚፈነዳ ነው ያልጠየቅከው።