ግፊት በየማዕረጉ

በፌርጋና ሸለቆ፣ በእኛ ሰፈር፣ ታላቅን ማክበር ከጸሎት ቀጥሎ የሚመጣ ግዴታ ነው። ሽማግሌ ፕሎቭ ከሚባለው በሥጋ ከሚሠራ ሩዛችን ሳይጎርስ ማንም እጁን አይሰድም፤ ሽማግሌ ሳይስቅ ቀልድ አያስቅም።

ስለዚህ ነርስ ዙልሁሞር የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ሻይ ቤታችን ስትመጣ፣ ክንዳቸውን ቀድመው የዘረጉት የሰፈሩ ሊቀመንበር አባ ቱርጉንቦይ ነበሩ። መቶ ዘጠና በመቶ አስር ወጣ።

«አባባ፣ ይሄ ከባድ ነው። ራስዎን አያምዎትም?»

«እኔን? በሬ ነኝ እኮ!»

አጨበጨብን። ከዚያ በዕድሜ ተራ ተለካን። ከግማሽ በላያችን ግፊት አለብን፤ ያወቀ ግን አንድም አልነበረም። ደግነቱ ሁላችንም ከአባባ በታች ነበርን። ዳቦ ጋጋሪው ኢክሮም እስኪለካ ድረስ። ሁለት መቶ አስር!

«አንተ፣ ከታላቅህ በላይ?» አለው ምክትል ሊቀመንበሩ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ሳላውቅ ነው» አለ ኢክሮም አንገቱን ደፍቶ።

«ኧረ ሰዎች፣ ይሄ ሹመት አይደለም! ሁለቱም ዛሬውኑ መድኃኒት ይጀምሩ!» ብትል ዙልሁሞር ማን ሰምቷት።

የሻይ ቤቱ ጉባኤያችን በጉዳዩ ላይ በስፋትና በጥልቀት ከመከረ በኋላ፣ ኢክሮም ግፊቱን በአስቸኳይ ዝቅ እንዲያደርግ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ምስኪኑ ኪኒኑን ዋጠ፣ ጨውና የበግ ላት ተወ፣ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ክረምቱ ሳይወጣ መቶ ሃያ አምስት ገባ። እኛም ይቅር አልነው።

ለአባ ቱርጉንቦይ ግን ሚስታቸው ኦይዲን በስንት ልመና ኪኒን ቢያቀርቡላቸው፣ «የሰፈር አባት ከዳቦ ጋጋሪ እኩል ኪኒን ሊውጥ ነው?» ብለው ገፉት። ድግስ በተደገሰ ቁጥር ላቱን የምናቀርበው ለእሳቸው ነበር፤ ክብር ነዋ።

በናቭሩዝ፣ በፀደይ አዲስ ዓመት በዓላችን፣ ስለ ጤንነት ጥቅም ንግግር ሲያደርጉ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ።

ልንጠይቃቸው ተሰብስበን ሄድን። ነርሷ መለኪያዋን ስታወጣ፣ አባባ በደህናው እጃቸው ወደ መለኪያው ጠቆሙ፤ ከዚያ ወደ እኛ። ደጋግመው ጠቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ተለኩ፣ ታከሙ፣ እንደኔ አትሁኑ ነው የሚሏችሁ!» አሉ ኦይዲን እያለቀሱ።

የኦይዲን ንግግር አንጀታችንን በላው። እጅጌያችንን ሰብስበን ወዲያው ተሰለፍን። የምክትል ሊቀመንበሩ ከሁላችንም በልጦ ሁለት መቶ አምስት ሲወጣ፣ እዚያው አባባ አልጋ አጠገብ በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር አድርገን መረጥነው።