ጋሼ ይደገም

ላቦራቶሪ በተባለ ቦታ ሁሉ አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበርና አንድ «ይደገም!» የሚል ሰው አይጠፋም። ወንበሩስ ይጠገናል፤ የሰውየው ነገር ነው መላ የሌለው።

ለወጣቷ ተመራማሪ የደረሷት ክቡር አንጋፋው ቴክኒሻን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም ጋሼ ይደገም ነው የሚላቸው። «ሦስቴ ያልተለካ ቁጥር አይደለም፣ ወሬ ነው» ይላሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። ሚዛን ላይ ሦስቴ ይወጣሉ። ልጃቸው ከሆስፒታል ደውላ «አባዬ፣ ወንድ ወለድኩ!» ስትላቸው «እሰይ! እስቲ እንደገና እዩት» አሉ ይባላል። ባለቤታቸውማ የጋብቻ ጥያቄያቸውን ሦስቴ ነው እሺ ያሉት፤ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተቆጥተው ነበር አሉ።

ተመራማሪዋ አንጀቷ እርር ይላል። ሥራዋ የሕዋሳትን ጤንነት መለካት ነው። ማሽኑ ሕዋሳቱ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚወስዱ፣ ስኳር በልተውም ምን ያህል አሲድ እንደሚያወጡ ይለካል፤ በደንብ ከተነፈሱና ከበሉ ደህና ናቸው ማለት ነው። አንዱ ልኬት ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ሲያልቅ ጋሼ ብቅ ይሉና «ይደገም!»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስድስት ወር ሙሉ እንደ ጨቅላ ስትንከባከባቸው የከረመቻቸው ሕዋሳት ውጤት ወጣ። የማሽኑ ስክሪን ላይ የአሲዱ መስመር ከታች፣ ወለሉ ላይ ተለጥፏል። የላቦራቶሪው ኃላፊ መጡ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አልቆላቸዋል። ዛሬውኑ ይጣሉ፤ ቦታው ለሌላ ሥራ ይፈለጋል።»

ክው አለች። የመመረቂያ ጽሑፏ በሙሉ የቆመው በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ነው።

«ይደገም» አለ ከኋላዋ የለመደችው ድምፅ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ! ሞተዋል እኮ!»

«የሞተ ይተነፍሳል እንዴ የኔ ልጅ? ኦክስጅኑን እይው፣ እየወሰዱ ነው። የጠፋው አሲዱ ነው። እነዚህ አልታመሙም፣ አልበሉም! እስቲ ለልኬቱ የሰጠሻቸውን ፈሳሽ አምጪልኝ።»

ጠርሙሱን አመጣች። ዙሪያውን በተጠመጠመው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ «ስኳር ያለ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ጠርሙሱን ቀስ ብለው አዞሩት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ ሳቅ አፈናቸው።

«ይሄ እኮ ‹ያለ ስኳር› ነው የሚለው! ወረቀቱ ዞሮ ጫፍና ጫፉ ስለገጠመ ከመሃል ጀምረሽ ነው ያነበብሽው።»

አወይ ጉድ! ለካ ምስኪኖቹን በረሃብ ስትቀጣቸው ነበር። ስኳር ያለውን ፈሳሽ ሰጠቻቸውና ልኬቱ ተደገመ። እሷ ጥፍሯን ስትበላ፣ ጋሼ ያቺ የምትወላገድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ከወለሉ ተነሳ። ወጣ፣ ወጣ። እፎይ! ግድግዳውን ተደገፈች። ኃላፊውም አይተው «ይቆዩ» ብለው ሄዱ።

«ጋሼ፣ አመሰግናለሁ።»

«ይደገም» አሉ፣ ፊታቸውን ከስክሪኑ ሳያዞሩ።

«አመሰግናለሁ!»

ሦስተኛውን ልትል ስትል እንባ ቀደማትና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ይሄኛው አይደገም።»